ሥራ የፈታ መሥመርና ሥራ የማይፈታ ሒሳብ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከደሴ ተነሥቶ የለጋምቦን ብርዳም ደጋ አቋርጦ ወደ ቦረና የሚጓዝ ሰው መካነ ሰላም ሲደርስ፣ ዓባይና በሽሎ ከነገባሮቻቸው ያንን አገር እንዴት አድርገው እንደ ሸነሸኑት ያያል። አንዱ አምባ ከሌላው አምባ ለዓይን ቅርብ ነው፤ ለእግር ግን በመካከሉ ቁልቁለትና አቀበት ስላለ የቀን መንገድ ይሆናል። የመኪና መንገድ ሳይገባ በፊት በዚህ አገር ጭነት የሚጓጓዘው በአጋሰስ ነበር። ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ አንድ አዛውንት የአጋሰስ ኪራይ በዱሮ ጊዜ እንዴት ይታሰብ እንደ ነበረ አጫወቱኝ። ኪራዩ የሚቈጠረው ከብቱ ከባለቤቱ በረት ከወጣበት ቀን ጀምሮ ወደ በረቱ እስከሚመለስበት ቀን ድረስ ነው። ተከራዩ ጭነቱን ደሴ ላይ አራግፎ ሲያበቃ ከብቱን ሳይመልስ በማደሪያው ጓሮ ቢያስረው፣ «ምንም አልጫንሁበትም» ብሎ ሊከራከር አይችልም። ከብቱ ገብሱን ይበላል፤ ቀኑም ይቈጠራል።

«ልጄ፣ ኪራይ ጭነትን አያይም፤ የሚያየው ገመዱ በማን እጅ እንዳለ ነው» አሉኝ።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ጉዳይ ስለ አጋሰስ አልነበረም። መሥሪያ ቤቶች ከሩቅ በኪራይ ስለሚገለገሉባቸው የኮምፒዩተር መሥመሮችና አድራሻዎች፣ በተለይም ሥራ ፈትተው ሳለ ኪራይ ስለሚበሉት ለማወቅ ነበር። ነገሩን ቀርቤ ስመረምረው ግን አዛውንቱ ከነገሩኝ ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት።

በቅድሚያ «ክላውድ» ስለሚባለው ነገር ጥቂት መናገር ይገባል። የቃሉ ትርጉም ደመና ነው። ስሙ በሰማይ ላይ የተንሳፈፈ ነገር ያስመስለዋል እንጂ፣ ነገሩ በምድር ላይ ያለ፣ ግድግዳና ጣራ ያለው፣ መብራት የሚበላና ማቀዝቀዣ የማይለየው ትልቅ የኮምፒዩተር ቤት ነው። በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም «ቴሌክላውድ» ብሎ የሰየመውን አገልግሎት ያከራያል። በውጭ አገር አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል የታወቁት አከራዮች ናቸው፤ ከእነዚህም አማዞን በ2012 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ከተማ የኮምፒዩተር ቤቶቹን ከፍቷል። መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሩን ገዝቶ በክፍሉ በማስቀመጥ ፈንታ፣ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ውስጥ የሚያስፈልገውን ያህል ይከራያል። ሲያስፈልገው ይጨምራል፤ ሲበቃው ይቀንሳል። የክላውድ ዋና ጥቅሙ ይኸው ነው። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ምክንያቱም መጨመር በአንዲት ጣት ግፊት የሚፈጸም ሲሆን፣ መቀነስ ግን የሚያስታውስ ሰው ይፈልጋል።

ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ኪራዩም አብሮ የሚጠፋ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። ኮምፒዩተሩ ለብቻው አይሠራም፤ ከዓለም ጋር የሚያገናኙት ልዩ ልዩ የመሥመር ዕቃዎች በዙሪያው አሉ፤ እነዚህም ለየብቻቸው የሚቈጠሩና ለየብቻቸው የሚከፈልባቸው ናቸው። ቤቱ ፈርሶ ዘበኛው በየወሩ ደመወዝ ሲቀበል እንደ ማለት ነው። ዘበኛውን ያሰናበተው የለማ!

እነዚህን የመሥመር ዕቃዎች በቢሮ ምሳሌ ልግለጻቸው። የመጀመሪያው አድራሻው ነው። በኢንተርኔት ላይ ያለ ማናቸውም መሣሪያ ደብዳቤ የሚላክበት ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ይህም በባለሙያዎች ዘንድ አይ ፒ አድራሻ ይባላል። ከፖስታ ሣጥን ቁጥር ጋር ብታነጻጽሩት አትሳሳቱም። በፖስታ ቤት ሣጥን የተከራየ ሰው ዓመቱን ሙሉ አንድ ደብዳቤ ባይደርሰው እንኳ ኪራዩን ይከፍላል፤ ሣጥኑ በስሙ ተይዟልና። ሁለተኛው «ናት ጌትዌይ» የሚባለው የመውጫ በር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ጸሐፊ የየራሱ ፖስታ ሣጥን የለውም፤ ሁሉም ደብዳቤውን ወደ መዝገብ ቤት ይልካል፣ መዝገብ ቤቱም በመሥሪያ ቤቱ ቁጥርና ማኅተም ወደ ውጭ ያወጣዋል። የመውጫው በር ሥራ ይኸው ነው። ሦስተኛው ሎድ ባላንሰር ወይም ሥራ አከፋፋይ ይባላል፤ ባለጉዳይ በብዛት ሲመጣ አንዱን ወደ መስኮት 1፣ ሌላውን ወደ መስኮት 2 እየመራ የሚያደላድል ተላላኪ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ቪ ፒ ኤን የሚባል፣ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ሌላ ሰው እንዳይሰማው ተሸፍኖ የሚዘረጋ መሥመር አለ። የቀሩትን ሁሉ ልዘርዝር ብል ጊዜ ይፈጃል፤ እነዚህ አራቱ ለጉዳያችን ይበቃሉ።

ከእነዚህ ውስጥ ሰፋ አድርጎ መናገር የሚገባው ስለ አድራሻው ነው። ዛሬም በስፋት የሚሠራበት የአድራሻ ዓይነት በቁጥር የተወሰነ ነው፤ በጠቅላላው 4,294,967,296 አድራሻዎች ብቻ አሉት፤ ከእነዚህም ለልዩ ሥራ የተከለሉ አሉ። ሥርዓቱ በተቀየሰበት ጊዜ ይህ ቁጥር የማያልቅ ይመስል ነበር። ዛሬ የዓለም ሕዝብ ከ8 ቢልዮን በላይ ሆኗል፤ አንዱ ሰው ደግሞ ስልክም፣ ኮምፒዩተርም፣ ቴሌቪዥንም አለው። ጥር 26 ቀን 2003 ዓ.ም. የዓለሙ ዋና መዝገብ ቤት ለየክፍለ ዓለሙ የሚያድለው የመጨረሻው ክምችት ተከፋፍሎ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አድራሻ እንደ ከተማ ቦታ የሚሸጥና የሚለወጥ ንብረት ሆነ። አይ ፒ ቁጥር 6 የተባለው አዲሱ ዓይነት ብዛቱ ለአእምሮ የሚከብድ ቢሆንም፣ ዓለም ሁሉ ወደ እርሱ ገና ተጠቃልሎ ስላልገባ፣ አሮጌው አድራሻ ዛሬም ይፈለጋል።

አማዞን ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቀው ተይዞ ሥራ ላይ ላልዋለ አድራሻ ነበር፤ ሥራ ላይ ለዋለው በአብዛኛው አያስከፍልም ነበር። ከጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሠራም አልሠራም ለእያንዳንዱ የአሮጌው ዓይነት አድራሻ በሰዓት ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም፣ ማለት 0.005 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። የጉግል አከፋፈል ደግሞ ያስገርማል፤ ተይዞ ሥራ የፈታው አድራሻ ሥራ ላይ ካለው የበለጠ ዋጋ አለው። እኔ ይህን ስሰማ፣ የተቈለፈ ባዶ ቤት ላይ ከፍ ያለ ግብር ቢጣል በከተማችን ስንት ቤት ይከፈት ይሆን ብዬ አሰብሁ።

ግማሽ ሳንቲም ምንድን ነው? የሚል አይጠፋም። ብዕርና ወረቀት አንሡና አብረን እናስላ። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ስለዚህ አንድ አድራሻ በዓመት 43 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። የአማዞን የመውጫ በር በአሜሪካ በቨርጂንያ በሚገኘው ቤቱ የታወቀው ኪራይ በሰዓት 0.045 ዶላር ነው፤ ይህም አንዲት ፊደል ሳያልፍበት በዓመት 394 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። ሥራ አከፋፋዩ በሰዓት 0.0225 ዶላር ሲሆን፣ በዓመት 197 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይመጣል። የተሸፈነው መሥመር በሰዓት 0.05 ዶላር፣ በዓመት 438 ዶላር ነው። እንግዲህ አንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት አምስት አድራሻ፣ አንድ የመውጫ በር፣ ሁለት ሥራ አከፋፋይና አንድ የተሸፈነ መሥመር ረስቶ ተወ እንበል። ድምሩ 1,445 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር በነበረበት ጊዜ ይህ ከ82 ሺህ ብር በላይ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ዶላሩን በ120 ብር ብናስበው ያው ዕዳ ከ173 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ አንዳች ነገር አልጨመረም፤ አንዳች ነገርም አልሠራበትም። በብር የተመደበለት በጀት ግን በዚህ በኩል ከእጥፍ በላይ ተበላ።

እርግጥ ነው፣ ከአገር ውስጥ በብር የሚከራይ ሰው ይህ የምንዛሪ ጣጣ በቀጥታ አይነካውም። ዳሩ ግን የወር ኪራይ ያለበት መሥመር የትም ቢሆን የወር ኪራይ ያለበት መሥመር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ «ወረዳኔት» የተባለው ሥራ ተጀምሮ በመቶ የሚቈጠሩ ወረዳዎች በሳተላይት ሲገናኙ፣ በየአስተዳደሩ ቅጥር ግቢ ትላልቅ ነጫጭ ሳሕኖች ሲተከሉ ያየን ብዙዎች ነን። ገደል የበዛበት እንደ ምዕራብ ወሎ ያለ አገር ሽቦ ከመዘርጋት ሳተላይት ይቀለዋል፤ ስለዚህ ሐሳቡ ለቦታው የተስማማ ነበር። ነገር ግን የሳተላይት ኪራይ የሚታሰበው በተያዘው የመሥመር ስፋት እንጂ በተነገረበት ቃል ብዛት አይደለም። ስብሰባ የሌለበት ቀንም እንደ ስብሰባ ቀን ይቈጠራል። ክላውድ ይህን ጠባይ አልፈጠረውም፤ ወርሶ አበዛው እንጂ።

አሁን ወደ መካነ ሰላም ልመለስ። ከተማይቱ ስሟ የሰላም ስፍራ ማለት ሲሆን፣ የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች ናት። ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚያ ይገኛል፤ ወጣቱም ስልኩን በእጁ ይዞ ይሄዳል። በዚያ አካባቢ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ገብቼ፣ የሒሳብ ሹሟ ወይዘሮና ወጣቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲከራከሩ ደረስሁ። ወይዘሮዋ፦ «ይህ ሥራ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ስለ ምን በየወሩ ሒሳብ ይመጣብናል?» ይላሉ። ወጣቱ ደግሞ፦ «እመቤቴ፣ ኮምፒዩተሮቹን እኔ ራሴ በእጄ አጥፍቻቸዋለሁ፤ ይኸው ይመልከቱ!» እያለ በመስኮቱ ላይ ያሳያል። ሁለቱም እውነት ይናገሩ ነበር። ኮምፒዩተሮቹ በእርግጥ ጠፍተዋል። አድራሻዎቹ፣ የመውጫው በርና ሥራ አከፋፋዮቹ ግን እንደ ታሰረው አጋሰስ በጓሮ ቆመው ገብሳቸውን ይበሉ ነበር።

እንዴት ተረሱ? ሥራውን በመጀመሪያ የዘረጋው በውል የመጣ ሰው ነበር፤ ውሉ አልቆ ሄደ። ዕቃዎቹን በራሱ ልማድ ሰይሟቸዋል፤ «ሙከራ አንድ»፣ «ሙከራ ሁለት»፣ «አዲስ»፣ «የመጨረሻ»። ከእርሱ በኋላ የመጣው ባለሙያ «የመጨረሻ» የተባለው ለምን እንደ ሆነ ስላላወቀ ሊነካው ፈራ። ፍርሃቱን አልነቅፍም፤ እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ከዚህም በላይ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በብዙ ቦታ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቈይ፣ ባለሙያው የክላውዱን መቈጣጠሪያ ገጽ ከፍቶ ለማየት እንኳ የማይችልበት ጊዜ ነበር። በዚያ ጊዜ ሁሉ ቈጣሪው በሩቅ አገር ይሠራ ነበር።

ነገር ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች እንደምታውቁት፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት የገባ ወንበር ሁሉ ሞዴል 19 ይቈረጥለታል፤ ሲወጣም ሞዴል 22 ይቈረጥለታል፤ የበጀቱ ዓመት ሰኔ 30 ሲዘጋ ቈጣሪዎች መጥተው እግሩ የተሰበረውን ወንበር ሳይቀር ይመዘግቡታል። 173 ሺህ ብር የሚያስወጣ የመሥመር ዕቃ ግን ሞዴል የለውም፤ መለያ ቁጥር አይለጠፍበትም፤ የተረከበው ሰው ፊርማ የለም። ሒሳብ ክፍሉ ድምሩን ያያል፤ ዝርዝሩን አያነብም። ኮምፒዩተር ክፍሉ ዝርዝሩን ያያል፤ ድምሩ አይደርሰውም። የጠፋው ገንዘብ የሚገኘው በእነዚህ በሁለት ክፍሎች መካከል ባለው ኮሪደር ላይ ነው።

ፍለጋው እንዴት ይጀመራል? ወይዘሮዋና ወጣቱ የሠሩትን ልንገራችሁ፤ ለማናቸውም መሥሪያ ቤት ይሆናልና። በመጀመሪያ የሦስት ወር ሒሳብ በዝርዝር አወጡ። ድምሩን ብቻ የሚያሳየውን ወረቀት አይደለም፤ እያንዳንዱ ዕቃ በየመሥመሩ የተጻፈበትን ነው። ከወር እስከ ወር አንድም ሳንቲም ሳይለዋወጥ የሚመጣ መሥመር ካለ እርሱ አጠራጣሪ ነው። ሰው የሚሠራበት ነገር ወጪው ከፍና ዝቅ ይላል፤ በዓል ሲሆን ይቀንሳል፣ የዘገባ ጊዜ ሲደርስ ይጨምራል። ሳይነቃነቅ በየወሩ እኩል የሚመጣ ሒሳብ ብዙውን ጊዜ ባዶ ቤት ያመለክታል። ይህን የኮምፒዩተር ትምህርት የሌለው የሒሳብ ሠራተኛም በቀላሉ ሊያየው ይችላል፤ በእርግጥም ቀድመው ያዩት ወይዘሮዋ ነበሩ።

ቀጥሎ ወጣቱ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ። የመጀመሪያው፦ ከምን ጋር ተያይዟል? አድራሻ ከሆነ ከየትኛው ኮምፒዩተር ጋር? ሥራ አከፋፋይ ከሆነ ከኋላው ስንት መስኮት አለው? ከምንም ጋር ያልተያያዘ አድራሻና ከኋላው መስኮት የሌለው ሥራ አከፋፋይ ወዲያው ይታወቃሉ። አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግልም ይህን የሚጠቁም የምክር ገጽ ለደንበኞቻቸው አዘጋጅተዋል፤ አከራይ ተከራዩን «ይህ ይቅርብህ» ብሎ ሲመክር ማየት ደስ ይላል፤ ዳሩ ግን ገጹን ከፍቶ የሚያነብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል፦ ተያይዞስ ቢሆን፣ የሚያልፍበት ነገር አለን? መቈጣጠሪያው በየሰዓቱ ያለፈውን የመረጃ መጠን ይመዘግባል። በወር ሙሉ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ከሆነ፣ መሥመሩ ከሞላ ጐደል ሥራ ፈትቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ክፍት አድራሻ ሁሉ ቀንና ሌሊት በሩን የሚነካካ የውጭ እንግዳ አያጣም፤ በዓለም ዙሪያ የተከፈተ በር እየፈለጉ የሚዞሩ መሣሪያዎች አሉና። ስለዚህ ጥቂት እንቅስቃሴ መታየቱ ብቻውን ሥራ መኖሩን አያስረዳም። ዘበኛው በሩን የሚያንኳኳ ውሻ አባረረ ማለት ቤቱ ሰው አለበት ማለት አይደለም።

ሥራ ፈት የሆነው ከተለየ በኋላ ግን ወዲያው መሰረዝ የለበትም። ስለዚህ ነገር ረዘም አድርጌ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ገንዘብ ለማዳን የሚቸኩል ሹም ብዙውን ጊዜ ከባዱን ጥፋት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስፈልግ መሥመር አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚገለጽበትን፣ ወይም አዲስ ተማሪዎች የሚመዘገቡበትን ሳምንት አስቡ። ዓሥራ አንድ ወር ጸጥ ብሎ የከረመ በር በዚያ ሳምንት በሺህ የሚቈጠር ሰው ያንኳኳዋል። እንዲህ ያለውን በር በየዓመቱ አፍርሶ መሥራት ይሻል ወይስ ማቈየት፣ ይህ በስሌት የሚወሰን እንጂ በቁጣ የሚወሰን አይደለም።

ከዚህም ሌላ የተለቀቀ አድራሻ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። አከራዩ ለሌላ ደንበኛ ይሰጠዋል። ባንክ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት «ከዚህ አድራሻ የሚመጣውን ብቻ እቀበላለሁ» ብሎ በመዝገቡ ጽፎት ከሆነ፣ አድራሻው ሲለቀቅ ያ ስምምነት ሁሉ ይፈርሳል፤ እንደገና ለማስጻፍ የደብዳቤው ምልልስ ወራት ይፈጃል። የባሰም አለ። የመሥሪያ ቤቱ ስም በኢንተርኔት የስም መዝገብ ውስጥ ወደዚያ አድራሻ እያመለከተ ሳለ አድራሻው ቢለቀቅ፣ አዲሱ ባለ አድራሻ የመሥሪያ ቤቱን እንግዶች በራሱ ቤት ይቀበላቸዋል። ባለጉዳዩ የመንግሥትን ስም አይቶ ምሥጢሩን ለማይታወቅ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፤ አስቀድሞ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ከዚያ በኋላ አድራሻው ይለቀቃል።

አድራሻን ሳይቈጥሩና ሳይጠብቁ መተው ምን እንደሚያመጣ በአህጉራችን የታየ ነገር አለ። የአፍሪካን የኢንተርኔት አድራሻ የሚያድለው መዝገብ ቤት አፍሪኒክ ይባላል፤ መቀመጫው በሞሪሸስ ደሴት ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥር ወር በወጣው የምርመራ ዘገባ እንደ ተገለጸው፣ ከ4 ሚልዮን የሚበልጡ አድራሻዎች ከመዝገቡ ያለ አግባብ ተወስደው ነበር። ከተወሰዱት መካከል ሥራቸውን ባቆሙ የደቡብ አፍሪካ ድርጅቶች ስም ተመዝግበው፣ የሚጠይቃቸው ባለቤት ያጡ ነበሩበት። ሌባው የመረጠው ባለቤቱ የረሳውን ነው። ለእያንዳንዷ አድራሻ በገበያ በዶላር የሚከፈል መሆኑን ስታስቡ፣ ረስቶ መተው ከማባከንም አልፎ ምን ያህል በር እንደሚከፍት ትረዳላችሁ።

ለወደፊቱ እንዳይደገም ምን ይደረግ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የክላውድ ዕቃ ሁሉ ሲፈጠር መለያ ጽሑፍ ሊለጠፍበት ይቻላል፤ በዚያ ላይ የክፍሉ ስም፣ የኀላፊው ሰው ስምና ሥራው የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ። ሞዴል 19 ማለት ይኸው ነው። ውል ተቀባዩ ሥራውን ሲያስረክብ ይህ ዝርዝር ተሟልቶ ካልቀረበ የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸም። ወጪው ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ለሒሳብ ክፍሉ በቀጥታ ማስታወቂያ የሚልክ ማንቂያ በነጻ ይገኛል፤ እርሱን መክፈት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በሰኔ ወር ወንበር የሚቈጥሩት ሰዎችም፣ ከወንበሩ በኋላ አንድ ቀን ለአድራሻዎቹ ይስጡ።

በዚያ መሥሪያ ቤት የተጀመረው ቈጠራ በሰኔ ወር ተፈጸመ። የመውጫው በርና ሥራ አከፋፋዮቹ ባለቤት እንደሌላቸው ስለታወቀ ተሰረዙ። ከአድራሻዎቹም የአብዛኞቹ ነገር ተለየ፤ የሚለቀቀው ተለቀቀ፣ የሚቀረው ባለቤቱ ተጻፈበት። አንዲቱን ብቻ የሚያውቃት ጠፋ። ከአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ጋር ተያይዛ ነበር፤ ወጣቱ ሁለት ሳምንት ቢከታተላት ምንም አላለፈባትም። ወይዘሮዋ ትሰረዝ አሉ። ወጣቱ ግን ከኮምፒዩተሯ ነጥሎ፣ አድራሻዋን ሳይለቅ፣ «ይህችን የሚያውቅ ይጠይቀን» የሚል ደብዳቤ ለየክፍሉ በትኖ እንዲጠበቅ ለመናቸው፤ ለአንድ ወር ፈቀዱለት።

በዓሥራ ዘጠነኛው ቀን ከወግዲ በኩል ስልክ ተደወለ። የምትናገረው አንዲት የጤና ሠራተኛ ነበረች። በየወሩ መጨረሻ የምትልከው ዘገባ አልሄድ ብሏታል፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ አቅቷታል፤ ደብዳቤው ግን እርሷ ዘንድ አልደረሰም። ወጣቱ አድራሻዋን መልሶ አያያዘና እንደገና እንድትልክ ነገራት፤ ዘገባው ደረሰ። ከዚያም በዝርዝሩ ላይ ባዶ ሆኖ በቈየው ሣጥን ውስጥ የጤና ሠራተኛይቱን ስምና የስልክ ቍጥሯን ጻፈ።